ኤሊየኖች ወደ ምድር ሊመጡ ይችላሉ? መልሱን በቁጥር እንየው

ባለፈው ኅዳር የአክስቴ ልጅ ሌሊት ላይ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። ድምፁ የሚያስፈራ ሰውዬ «3አይ አትላስ የሚባል የባዕዳን መንኮራኩር ወደ ምድር እየመጣ ነው፣ ናሳ ደብቆታል፣ ታኅሣሥ 10 ይደርሳል» ይላል። ከሥሩ ልጁ የጻፈው ግን ከቪዲዮው በላይ አስደነገጠኝ፦ «ይሄን አየሽው? እውነት ከሆነ ለማትሪክ ምን ያስጠናኛል?»

ልጁ 12ኛ ክፍል ነው። እየቀለደ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። አክስቴ ስትነግረኝ ለሦስት ቀን ደብተር አልከፈተም።

ታኅሣሥ 10 መጣ፣ ሄደ፣ ምንም አልሆነም። «ውሸት ነው አላልኩህም?» ብዬ ልዘጋው ስል ግን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «እሺ፣ ይሄኛው ውሸት ይሁን። ግን መምጣት ይችላሉ ወይስ አይችሉም?» ይሄ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አጭሩ መልስ

ከአንድ ኮከብ ወደ ሌላ ኮከብ መጓዝን የሚከለክል የፊዚክስ ሕግ የለም። ስለዚህ «ፈጽሞ አይቻልም» የሚል ሰው ተሳስቷል። ግን «ይቻላል» ማለት «መጥተዋል» ማለት አይደለም። ጉዞው ምን ያህል ጊዜና ጉልበት እንደሚበላ ስናይ፣ በቪዲዮ የሚታዩት አብዛኞቹ «ጉብኝቶች» ለምን ውሃ እንደማይቋጥሩ ይገባናል። ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

1. ርቀቱ ስንት ነው?

ብርሃን በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በአንድ ዓመት የሚሸፍነው ርቀት «የብርሃን ዓመት» ይባላል፤ 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙ ያሳስታል እንጂ የጊዜ ሳይሆን የርቀት መለኪያ ነው።

በሜሴጅ እናስበው። የሬዲዮ ሞገድም የሚሄደው በብርሃን ፍጥነት ነው። «ሰላም ነው?» ብላችሁ ብትልኩ፦

– ጨረቃ ላይ በ1.3 ሰከንድ ይደርሳል።
– ፀሐይ ጋ በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ።
– የሰው ልጅ ከላካቸው ነገሮች ሁሉ እጅግ ርቃ የሄደችው ቮዬጀር 1 ጋ ከ23 ሰዓት በላይ ይፈጃል።
– ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ጋ ግን 4 ዓመት ከ3 ወር።

መልስ እስኪመጣ 8 ዓመት ተኩል ማለት ነው። 9ኛ ክፍል ሆናችሁ ብትጽፉ፣ መልሱን የምታነቡት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳችሁ ነው። ይሄ እንግዲህ የቅርብ ጎረቤታችን ነው።

በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር የመንገደኛ አውሮፕላን ወደዚያ ቢነሳ ወደ 5 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ድንቅነሽ (ሉሲ) የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በእሷ ዘመን የተነሳ አውሮፕላን ዛሬም መንገድ ላይ ነው።

የምንኖርበት ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ፣ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 100,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይሆናል።

2. ያሉን ፈጣን መንኮራኩሮች

ቮዬጀር 1 የተላከችው በመስከረም 1977 ነው። በ2012 ከፀሐይ ንፋስ ክልል ወጥታ በከዋክብት መካከል ወዳለው ህዋ ገብታለች። ፍጥነቷ በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ በ6 ሰከንድ እንደማለት። በዚህ ፍጥነት እስከ ፕሮክሲማ ያለውን ርቀት ለመሸፈን ወደ 75,000 ዓመት ያስፈልጋታል። (አቅጣጫዋ እንኳ ወደዚያ አይደለም።)

እስካሁን ሰው ከሠራቸው ነገሮች በፍጥነት ሪከርዱን የያዘችው ፓርከር የተባለችው የፀሐይ መርማሪ ናት። በታኅሣሥ 2024 በሰዓት 692,000 ኪሎ ሜትር ደርሳለች። ይሄን ያገኘችው ግን በፀሐይ ስበት እየተሳበች ነው፤ ከፀሐይ ስትርቅ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ፍጥነቷ ሳይቀንስ ትሂድ ብንል እንኳ ፕሮክሲማ ለመድረስ 6,600 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል።

3. ዋናው ችግር ጉልበት ነው

«እነሱ ከእኛ የተሻለ ቴክኖሎጂ ይኖራቸዋላ!» ልክ ናችሁ፣ ሊኖራቸው ይችላል። ግን የተሻለ ሞተር የፊዚክስን ሒሳብ አይሰርዝም። አንድን ነገር ወደተወሰነ ፍጥነት ለማድረስ የሚያስፈልገው ጉልበት ለእኛም ለእነሱም አንድ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

አንድ ኪሎ ስኳር አስቡ። ይህን አንድ ኪሎ ወደ 10 በመቶ የብርሃን ፍጥነት ለማድረስ የሚያስፈልገው ጉልበት ሂሮሺማ ላይ የተጣለውን ቦምብ ሰባት ጊዜ ያህል ነው። ለአንድ ኪሎ!

አሁን 1,000 ቶን የሚመዝን መርከብ አስቡ። ዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ወደ 420 ቶን ስለሚመዝን፣ 1,000 ቶን ለረዥም ጉዞ ትልቅ የሚባል አይደለም። እሱን 10 በመቶ የብርሃን ፍጥነት ላይ ለማድረስ የሚያስፈልገው ጉልበት፣ ዓለም በሙሉ በአንድ ዓመት ለመብራት፣ ለመኪና፣ ለፋብሪካ፣ ለሁሉም ነገር ከምትጠቀመው ከግማሽ ይበልጣል። ህዳሴ ግድብ በሙሉ አቅሙ፣ 5,150 ሜጋዋት፣ ቀን ከሌት ሳያቋርጥ ቢያመነጭ ይህን ለመሙላት ከ2,700 ዓመት በላይ ይወስድበታል።

ይሄ ደግሞ ለመነሳት ብቻ ነው። ህዋ ውስጥ ፍሬን የሚይዝ አስፋልት የለም። ለመቆምም ያንኑ ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። መመለስ ካሰቡ ሌላ ሁለት ጊዜ።

አቧራም አለ። በዚያ ፍጥነት አንድ ሚሊግራም የምትመዝን ቅንጣት መርከቡን ብትመታ 100 ኪሎ ያህል ቲኤንቲ እንደፈነዳ ነው። በከዋክብት መካከል ያለው ህዋ ባዶ ይመስላል እንጂ ጭርሱን ባዶ አይደለም።

4. አቋራጭ የለም ወይ?

ፊልም የሚያይ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ያነሳል።

የመጀመሪያው «በብርሃን ፍጥነት አጠገብ ስትሄድ ጊዜ ይዘገያል» የሚለው ነው። ይሄ እውነት ነው፤ የአንስታይን ግኝት ነው፣ በሙከራም ተረጋግጧል። በ99 በመቶ የብርሃን ፍጥነት ወደ ፕሮክሲማ የሚሄድ ሰው በራሱ ሰዓት 7 ወር ብቻ ይፈጅበታል፤ ቤት የቀረው ቤተሰቡ ግን 4 ዓመት ከ3 ወር ይጠብቃል። ችግሩ ክፍያው ነው፦ ጉልበቱ በ10 በመቶ ፍጥነት ላይ ካየነው ከ1,200 ጊዜ በላይ ይበልጣል።

ሁለተኛው «ዋርፕ» ነው፦ መርከቡን ከማስሮጥ ይልቅ ህዋውን ራሱን ከፊት ማጨማደድ፣ ከኋላ መለጠጥ። ሜክሲኳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሚጌል አልኩቢዬሬ በ1994 ሒሳቡን ሠርቶ አሳይቷል። ወረቀት ላይ ይሠራል። ግን «አሉታዊ ኢነርጂ» የሚባል ነገር በገፍ ይፈልጋል፤ ያንን በዚያ መጠን ማንም አግኝቶም ሠርቶም አያውቅም። እንደ ትል ጉድጓድ (ዋርምሆል) ያሉ ሐሳቦችም ያሉበት ደረጃ ተመሳሳይ ነው።

5. ታዲያ አይቻልም ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ተጠራጣሪዎችም ይስታሉ።

የእንግሊዝ የህዋ ጉዞ ማኅበር አባላት ከ1973 እስከ 1978 «ዴዳለስ» የሚባል ዲዛይን ሠርተው ነበር። በኑክሌር ውህደት የሚገፋ፣ ሰው የማይጭን፣ በ12 በመቶ የብርሃን ፍጥነት የሚሄድና 6 የብርሃን ዓመት ገደማ ወደሚርቀው ባርናርድ ኮከብ በ50 ዓመት የሚደርስ መንኮራኩር ነው። ሲደርስ ግን መቆሚያ የለውም፤ አልፎ ይሄዳል።

በ2016 ደግሞ ባለሀብቱ ዩሪ ሚልነርና ስቲቨን ሆኪንግ «ብሬክስሩ ስታርሾት» የሚል ሐሳብ ይፋ አደረጉ። ጥቂት ግራም ብቻ የምትመዝን፣ ሸራ ያላት ትንሽ መሣሪያ፤ ከምድር ኃይለኛ ሌዘር እየገፋት በ20 በመቶ የብርሃን ፍጥነት፣ በ20 ዓመት ወደ አልፋ ሴንታውሪ። እስካሁን አልተላከችም፣ ግን ሐሳቡ ፊዚክስን አይጥስም።

ሁለቱም ላይ ሰው የለም። ማሽን አይርበውም፣ አይሰለቸውም፣ ቤተሰብ አይናፍቀውም። ስለዚህ አንድ ቀን ከሌላ ኮከብ የሚመጣ ነገር ካለ፣ አይኑ ትልልቅ የሆነ አረንጓዴ ፍጡር ከሚሆን ትንሽ ማሽን የመሆን ዕድሉ ይሰፋል።

ሌላም አለ፦ ትዕግሥት። በ10 በመቶ የብርሃን ፍጥነት ጋላክሲውን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ አንድ ሚሊዮን ዓመት ይበቃል። ለእኛ ረዥም ነው፤ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ላስቆጠረ ጋላክሲ ግን ትናንት ማለት ነው። ፊዚክሰኛው ኤንሪኮ ፌርሚ በ1950 ሎስ አላሞስ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ምሳ እየበላ «ታዲያ የት አሉ?» ብሎ የጠየቀው ለዚህ ነው። ጥያቄው እስከዛሬ አልተመለሰም። ምናልባት ማንም የለም፤ ምናልባት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ምናልባት መጓዝ አይፈልጉም፤ ምናልባት እኛ ገና በደንብ አልፈለግንም።

6. እንግዶችማ መጥተዋል፤ ድንጋዮች ናቸው

ከሌላ ኮከብ አካባቢ ተነስተው በፀሐይ ሠፈር ሲያልፉ የታዩ ሦስት ነገሮች አሉ።

ኦውሙአሙአ፦ በጥቅምት 2017 ሃዋይ ባለ ቴሌስኮፕ ታየ። ቅርፁ የረዘመ ነበር፣ ጅራት አልታየበትም፣ ፍጥነቱም በስበት ብቻ ከሚጠበቀው በትንሹ ይለይ ነበር። የሃርቫርዱ አቪ ሎብ «የባዕዳን ቴክኖሎጂ ሊሆን ይችላል» ብለው የተነሱት በዚህ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ከውስጡ በሚወጣ ጋዝ ሊገለጽ እንደሚችል አሳይተዋል።

ቦሪሶቭ፦ በነሐሴ 2019 ጌናዲ ቦሪሶቭ የተባለ ሰው በራሱ በሠራው ቴሌስኮፕ አገኘው። ግልጽ ጅራታም ኮከብ (ኮሜት) ነበር።

3አይ አትላስ፦ ሐምሌ 1 ቀን 2025 ቺሊ ባለ ቴሌስኮፕ ታየ። የአክስቴን ልጅ ደብተር ያዘጋው ይሄ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 221,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ለምድር በጣም የቀረበው ታኅሣሥ 19 ቀን 2025 (በእኛ ታኅሣሥ 10) ነው፤ «የቀረበው» ስንል ግን 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ ከእኛ እስከ ፀሐይ ያለው ርቀት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። እንደ ኮሜት ጋዝና አቧራ ይተፋ ነበር።

«ናሳ ደብቆታል» የሚለውስ? ምስሎቹ የዘገዩት በጥቅምትና በኅዳር መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት በበጀት ጭቅጭቅ ሥራ አቁሞ ስለነበር ነው። ሲከፈት ኅዳር 19 ናሳ መግለጫ ሰጥቶ ምስሎቹን አወጣ፤ ኮሜት መሆኑንም ተናገረ። ደግሞም ይህን ነገር የሚያየው ናሳ ብቻ አልነበረም። በየአገሩ ያሉ ቴሌስኮፖች፣ ግቢያቸው ሆነው ሰማይ የሚያዩ አማተሮች ጭምር ያዩት ነበር። ሰማይን መቆለፍ አይቻልም።

ሦስቱም የሚያስተምሩን አንድ ነገር፦ ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚደረግ ጉዞ በተፈጥሮ እየተካሄደ ነው። ግን 3አይ አትላስ በነበረው ፍጥነት የእኛንና የፕሮክሲማን ርቀት ለመሸፈን ከ20,000 ዓመት ያላነሰ ያስፈልጋል።

7. እኛ እዚህ መኖራችንን ማን ነገራቸው?

ይሄኛው ነጥብ ብዙም አይነሳም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

የ«በራሪ ሳህን» ወሬ የተጀመረው በ1947 ነው። በሰኔ ወር ኬኔዝ አርኖልድ የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ ዘጠኝ እንግዳ ነገሮች ሲበሩ አየሁ አለ፤ በሐምሌ የሮዝዌል ታሪክ ተከተለ። (የአሜሪካ አየር ኃይል በኋላ እንደገለጸው ሮዝዌል የወደቀው የሶቪየትን የኑክሌር ሙከራ ለመሰለል የተሠራ ምስጢራዊ ፊኛ ነበር።)

የሬዲዮ ስርጭት በስፋት የተጀመረው በ1920 ገደማ ነው። ሰምተውን ነው የመጡት እንበል። ከ1920 እስከ 1947 ያለው 27 ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሬዲዮው እነሱ ጋ መድረስ፣ ከዚያ መርከቡ ወደ እኛ መምጣት አለበት። መርከቡ በ10 በመቶ የብርሃን ፍጥነት የሚሄድ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ የብርሃን ዓመት ርቀት 1 ዓመት ለሬዲዮው፣ 10 ዓመት ለመርከቡ፣ በድምሩ 11 ዓመት ያስፈልጋል። 27ን ለ11 ስናካፍል 2.5 የብርሃን ዓመት ገደማ ይመጣል። በዚያ ክልል ውስጥ ስንት ኮከብ አለ? አንድ። እሷም ፀሐይ ናት።

ዛሬስ? ከ100 ዓመት በላይ አልፏል፤ ክልሉ ወደ 9 የብርሃን ዓመት ሰፍቷል። እዚያ ውስጥ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ከዋክብት ናቸው።

«በሬዲዮ ሳይሆን በከባቢ አየራችን ኦክስጅን ሊያውቁን ይችላሉ» የሚል ካለ ትክክል ነው። ኦክስጅን በምድር አየር ውስጥ ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ሕይወት እንዳለ ከሩቅ ሊጠቁም ይችላል። ግን እንደዚያ ከሆነ ከዚያ ሁሉ ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ለመምጣት የመረጡት ልክ ሰው አውሮፕላንና ራዳር በሠራበት ዘመን መሆኑ ይገርማል።

8. መንግሥታት ምን አሉ?

በ2021 የአሜሪካ የስለላ ተቋማት 144 ሪፖርቶችን መርምረው በእርግጠኝነት ያወቁት አንዱን ብቻ ነበር፤ አየሩ እየወጣ ያለ ትልቅ ፊኛ። ብዙ ገጾች «143ቱ ኤሊየን ናቸው» ብለው አወጡት። ሪፖርቱ ያለው ግን «መረጃው አይበቃም» ነው። ያልታወቀ ማለት ከሌላ ዓለም የመጣ ማለት አይደለም።

በሐምሌ 2023 የቀድሞው የስለላ መኮንን ዴቪድ ግረሽ ምክር ቤት ቀርቦ መንግሥት የባዕዳን መንኮራኩር እንደያዘ ሰምቻለሁ ብሎ መሰከረ። ሰማሁ አለ እንጂ የሚታይ ዕቃ አላቀረበም። በመጋቢት 2024 የመከላከያ ሚኒስቴሩ መርማሪ ቢሮ ያለፉትን አሥርት ዓመታት ፋይሎች አገላብጦ የባዕዳን ቴክኖሎጂ ማስረጃ እንዳላገኘ አስታወቀ።

መንግሥት ግን ዋሽቶ አያውቅም ወይ? ዋሽቷል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በ60ዎቹ ከተደረጉት የዩፎ ሪፖርቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዩ-2ን የመሰሉ ምስጢራዊ የስለላ አውሮፕላኖች እንደነበሩ ሲአይኤ በኋላ ራሱ አምኗል። የተደበቀው ነገር ነበር፤ ግን የሰው ሥራ ነበር።

9. ቀጣዩ ቪዲዮ ሲመጣ

መምጣቱ አይቀርም። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

– ርቀቱ በቁጥር ተነግሯል? «እየቀረበ ነው» ብቻ ከሆነ ተጠራጠሩ።
– ከአንድ በላይ አገር ያለ ቴሌስኮፕ አይቶታል? እውነተኛ የሰማይ ነገር ለአንድ ሰው ብቻ አይታይም።
– ሲቆም ወይም ሲዞር ያ ሁሉ ጉልበት የት ሄደ? ከኮከብ የመጣ መርከብ ፍሬን ሲይዝ በስልክ ካሜራ ብዥ ብሎ የሚታይ ነጥብ አይሆንም፤ የዓለም ቴሌስኮፖች ሁሉ የሚያዩት ነገር ነው።
– በመስመር የሚሄዱ መብራቶች ናቸው? የስታርሊንክ ሳተላይቶች ሊሆኑ ይችላሉ።
– ቀን ቆርጦ ነግሯችኋል? ቀኑ ሲያልፍ ያ ገጽ ይቅርታ ጠይቆ ያውቃል?

በነገራችን ላይ፣ ከላይ ያለውን የጉልበት ስሌት የሠራሁት ከአክስቴ ልጅ ጋር ነው። ቀመሩ ከራሱ የፊዚክስ መጽሐፍ ነው የወጣው፤ የክብደት ግማሽ ሲባዛ በፍጥነት፣ እንደገና ሲባዛ በፍጥነት። የአንድ ኪሎዋን ውጤት ሲያይ ካልኩሌተሩን ሁለት ጊዜ ደግሞ ሞከረው። ከዚያ «ቪዲዮውን የሠራው ሰውዬ ይሄን አልተማረም እንዴ?» አለኝ።

ደብተሩን ከፍቷል። ፈተናው ከኤሊየኖቹ ቀድሞ እንደሚደርስ ገብቶታል።

እናንተስ? እስካሁን ካያችሁት የሰማይ ቪዲዮ የትኛው አሳምኗችሁ ነበር? ከታች ጻፉልን፤ ቁጥሩን አብረን እንሥራው።